ፊቱ የተቃጠለ ልጅና ቀዶ ሕክምናው፦ ባሕር ዳር ላይ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን

ይህን የጻፍኩት ቁስል ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ለምትጠይቁኝ እናቶችና አባቶች ነው። ነርስ ነኝ፣ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። የልጃችሁን ነገር የሚወስነው ልጁን ያየው ሐኪም ነው። ጥያቄዎቹ ግን ይደጋገማሉ። ከዘጌ በጀልባ የመጣችውም፣ ከመራዊ በሚኒባስ የመጣውም፣ እዚሁ ሽምብጥ የሚኖረውም ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጠይቀው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሕክምና ውስጥ የሚያስቸኩልም፣ ጊዜ የሚሰጥም ነገር አለ። ትንፋሽ፣ ዓይን፣ አፍና አንገት አይጠብቁም። መልክ ይጠብቃል። ብዙ ቤተሰብ ግን ስለ መልኩ ሲጨነቅ ዓይኑ ይረሳል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ መንፈስ አንብቡልኝ።

ልጄ አሁን ነው የተቃጠለው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ውሃ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ በፊቱ ላይ በቀስታ አፍስሱ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ። 20 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አታቋርጡ። ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃው አሁንም ይጠቅማል፤ ስለዚህ "አለፈ" ብላችሁ አትተዉት። በረዶ አይደረግም። ፊቱ ላይ ውሃ እየፈሰሰ ሌላውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍኑት፣ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋልና።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የተፈጨ ቡና፣ ጭቃ... ምንም አትቀቡ። ሙቀቱን ውስጥ ይይዘዋል፣ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ እኛም በኋላ ያንን ለማጽዳት ልጁን እንደገና እናሰቃየዋለን።

ጉትቻና የአንገት ሐብል ቶሎ ይውለቅ። ማተቡንም አላሉለት ወይም ፍቱለት። አንገት ሲያብጥ ያቺ ቀጭን ክር ሥጋ ውስጥ ትገባለች፤ አብጦ ከመጣ ልጅ አንገት ላይ ክር በመቀስ ጫፍ ፈልጎ ማውጣት ለልጁም ለእኛም ከባድ ነው። በኋላ መልሳችሁ ታስሩለታላችሁ።

የባትሪ አሲድ ወይም በረኪና ከሆነ 20 ደቂቃ አይበቃም። ማጠቡን ቀጥሉ፣ በተለይ ዓይኑን፣ ከቻላችሁ መንገድ ላይም ጭምር።

ቁስሉ ትንሽ ይመስላል። የግድ ሆስፒታል ልሂድ?

አዎ። የልጅ ፊት ከተቃጠለ ሐኪም ይየው። የሕፃን ጭንቅላትና ፊት ከሰውነቱ ቆዳ 18 ከመቶ ገደማ ይይዛል። በአዋቂ ሰው 9 ነው። ስለዚህ "ፊቱ ብቻ ነው" የሚባለው ነገር ለሕፃን ትልቅ ቃጠሎ ሊሆን ይችላል፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልገው ዓይነት።

በጣም የሚያስፈራን ትንፋሹ ነው። ድምፁ ከጎረነነ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ የአፍንጫው ፀጉር ወይም ቅንድቡ ከተለበለበ፣ አክታው ጥቀርሻ ካለው፣ ወይም በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ ውስጥ ከቆየ አንዲት ደቂቃ አትጠብቁ። እብጠት የሚብሰው በመጀመሪያው 24 እና 48 ሰዓት መካከል ነው። ጠዋት እየተጫወተ የነበረ ልጅ ማታ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። መንገድ ላይ ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ በጀርባው ጠፍጣፋ አይተኛ።

ዓይኑም እንደዚያው። ቆቡ አብጦ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ማየት ይከብዳል። የዓይን ምርመራ ቶሎ የሚደረገው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ገመድ ነክሶ የአፉ ጥግ የተቃጠለ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ሲነሳ የከንፈሩ ደም ሥር በድንገት ሊደማ ይችላል። ያ ከሆነ ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ከውስጥና ከውጭ በሁለት ጣት ጨብጣችሁ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ወዴት ነው የምንሄደው?

መጀመሪያ ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ኦክስጅንና ግሉኮስ እዚያም ይጀመራል። ከደሴት ከሆናችሁ የሚቀጥለውን የመንገደኛ ጀልባ አትጠብቁ፣ ሌላ ጀልባ ለምናችሁም ቢሆን ተሻገሩ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን አሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፋል፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይረጋጋ መንገድ አይጀመርም፣ "ቶሎ አዲስ አበባ እንውሰደው" ብሎ ከአልጋ ማንሳት ልጁን ይጎዳዋል።

ሳምንት ሆነን። ለምን ኦፕራሲዮን አይደረግለትም?

ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ አልፈርድም። ልጅ ተኝቶ ሲታይ ምንም ያልተሠራ ይመስላል።

የፊት ቆዳ በደም ሥር የታደለ ነው። ብዙ የፀጉር ሥርም አለው፤ አዲስ ቆዳ የሚበቅለው ከእነዚያ ሥሮች ነው። ሌላ ቦታ ላይ ቢሆን በቶሎ የሚቆረጥ ቁስል ፊት ላይ በራሱ ሊድን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የቃጠሎውን ጥልቀት ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ቁስሉ እየታጠበ እንዲቆይ አድርገው ያዩታል። በ2 ሳምንት የሚድን ቁስል ብዙም ጠባሳ አይተውም። ከ3 ሳምንት በላይ የሚወስድ ግን ወፍራም ጠባሳ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፣ እሱ ነው ቆዳ የሚተከልለት። ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ እንደ ደረቅ ቆዳ የጠነከረ፣ ሲነኩት ምንም የማይሰማው ከሆነ ጥልቅ ነው፣ ለእሱ ይህን ያህል ላይጠበቅ ይችላል።

በእነዚያ ቀናት ሥራ አለ። ቁስሉ ይታጠባል፣ ቅባት ይደረጋል፣ የዓይን ቅባት በየተወሰነ ሰዓት ይጨመራል። ጆሮው ከተቃጠለ ትራስ አይደረግም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ ምክንያቱም ሌሊት ላይ አዝናችሁ ትራስ ታስገቡለታላችሁ። የጆሮ ለስላሳ አጥንት በላዩ ያለው ቆዳ ስስ ነው፤ ትራስ ከተጫነው ደም አይደርሰውም፣ ይመረቅዛል፣ የጆሮው ቅርጽ ይጠፋል። ጭንቅላቱን ከፍ ለማድረግ ፍራሹን ከሥር አንሱ።

ከመታጠቡ በፊት የሕመም ማስታገሻ መውሰዱን ጠይቁ። አትፈሩን። "መድኃኒቱን ወሰደ ወይ?" ማለት መብታችሁ ነው።

ቆዳ መትከል ሲባል ምን ማለት ነው? ከየት ነው የሚወሰደው?

የሞተው ቆዳ ይነሳል፣ ከራሱ ከልጁ ሰውነት ጤናማ ቆዳ ተወስዶ ቦታው ላይ ይደረጋል። ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ስስ ነው። ከጭን ወይም ከጭንቅላት ላይ ይላጫል። የተላጨበት ቦታ በራሱ በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል። ከጭንቅላት መውሰድ ሲባል እናቶች ይደነግጣሉ፣ "መላጣ ልትሆን ነው" ይላሉ። አትሆንም። የሚወሰደው ከፀጉሩ ሥር በላይ ያለው ስስ ንጣፍ ስለሆነ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ የተወሰደበትን ቦታም ይሸፍነዋል። ቀለሙም ለፊት ከጭን ቆዳ የተሻለ ይቀራረባል።

ሁለተኛው ሙሉ ውፍረት ያለው ነው። ከጆሮ ጀርባ፣ ከአንገት ሥር ወይም ከብሽሽት ይወሰዳልና የተወሰደበት ቦታ ይሰፋል። ይህኛው በኋላ ብዙ አይሸማቀቅም፣ መልኩም ይሻላል፤ ለታችኛው የዓይን ቆብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ችግሩ ብዙ አይገኝም። ሙሉ ጉንጭ ለመሸፈን ከጆሮ ጀርባ ያለው አይበቃም።

ፊት ላይ ሲሆን ቆዳው ሳይበሳሳ እንደ ሙሉ ጨርቅ ይነጠፋል። ሌላ ቦታ እንደ መረብ ተበስቶ እንዲለጠጥ ይደረጋል፣ ግን የመረቡ ምልክት ስለሚቀር ለፊት አይሆንም። ሐኪሞቹ ፊትን በክፍል በክፍል ነው የሚያዩት፦ ግንባር፣ የዓይን ቆብ፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ የላይኛው ከንፈር፣ አገጭ። ስፌቱ በእነዚህ ክፍሎች ድንበር ላይ ካረፈ ዓይን ብዙ አያየውም። አንዳንዴ "ቁስሉ ይህን ያህል ነው፣ ለምን ሰፋ አድርገው ተከሉ?" የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የተተከለው ቆዳ የራሱ ደም ሥር የለውም። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፣ ከዚያ ደም ሥር ይገባዋል። እንደ ችግኝ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ከነቀነቁት ይደርቃል። ስለዚህ ላዩ ላይ የታሰረው ፋሻ እስኪፈታ፣ ብዙ ጊዜ 5 ቀን ገደማ፣ ልጁ እንዳያከው፣ ፊቱን ትራስ ላይ እንዳያሻሽ ተራ እየገባችሁ ጠብቁት። እጁን በስስ ካልሲ መሸፈን ይረዳል። ቆዳው ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ቦታ ብታዩ አትደንግጡ። ግን ሽታ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ወዲያው ጥሩን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚያመው ቆዳ የተወሰደበት ቦታ ነው። ጭኑን ይዞ ሲያለቅስ "ሌላ ነገር አደረጉት" ብላችሁ አታስቡ።

ሲስተር፣ የእኔን ቆዳ ውሰዱላት። አይቻልም?

ብዙ እናት ይህን ጠይቃኛለች፣ አባቶችም። አንጀት የሚበላ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አይቻልም ነው። የልጅቷ ሰውነት የእናቷንም ቆዳ ቢሆን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በሳምንታት ውስጥ ያስወግደዋል። ከአንድ እንቁላል የወጡ መንትዮች ብቻ ናቸው ቆዳ የሚዋዋሱት። የሌላ ሰው ቆዳ ለጊዜው መሸፈኛ የሚሆንበት ሁኔታ በሕክምናው ዓለም አለ፣ ግን ለዘለቄታ አይደለም።

ከእናንተ የምትፈልገው ሌላ ነገር አለ። ደም ሊያስፈልጋት ይችላል። ደም የሚሰጥ ዘመድ ይዛችሁ ኑ።

ማደንዘዣው ያሰጋል?

ሥጋት የሌለው ማደንዘዣ የለም። ለልጅ ግን በየቀኑ ይሰጣል። ሥጋቱን የምትቀንሱት እናንተም ናችሁ። ምግብና የላም ወተት ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው። ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። የእናንተ ሆስፒታል የተለየ ሰዓት ከነገራችሁ እሱን ያዙ። "ራበው፣ ትንሽ ዳቦ ቀመሰ" የሚባል ነገር ካለ ደብቃችሁ አታስገቡት፤ በማደንዘዣ ውስጥ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሳልና ጉንፋን ካለም ተናገሩ። ቀጠሮ ቢራዘም ይሻላል።

አንገቱ ከደረቱ ጋር የተሳሰበ ልጅ ላይ ማደንዘዣው ይከብዳል፣ ምክንያቱም የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጭንቅላት ወደ ኋላ መቀልበስ አለበት። ባለሙያዎቹ መላ አላቸው፣ ግን በቂ ዝግጅት ያለው ሆስፒታል ይፈልጋል። ሪፈር የሚጻፈው አንዳንዴ ለዚህ ብቻ ነው።

ቁስሉ ድኗል፣ ግን ሲተኛ ዓይኑ አይዘጋም። ችግር አለው?

አለው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ጠባሳ ይሸማቀቃል። ግንባር ላይ ያለው የላይኛውን ቆብ ወደ ላይ ይስባል፣ ጉንጭ ላይ ያለው የታችኛውን ወደ ታች። ዓይኑ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ያድራል፣ ይደርቃል፣ የዓይኑ መስታወት ይቆስላል። ከዚያ ነጭ ጠባሳ ይይዛል፣ ያ ደግሞ ዕይታን ይወስዳል። እሳቱ ያልነካውን ዓይን ጠባሳው ያጠፋዋል ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ልጁ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ በስልክ መብራት ከጎን እዩት። በቆቦቹ መካከል ነጭ ነገር ይታያል? ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ያለቅሳል? ብርሃን ይጠላል? አንዱ ካለ ቀጠሮው ወር ቀረው ብላችሁ አትቀመጡ፣ በነጋታው ኑ። እስከዚያ የታዘዘውን የዓይን ቅባት በተለይ ማታ አታቋርጡ።

ቀዶ ሕክምናው ቆቡን የሳበውን ጠባሳ መልቀቅና ክፍተቱ ላይ ቆዳ መትከል ነው። ሌላው የፊት ሥራ ጠባሳው እስኪበስል ሲጠበቅ ይህ ግን አይጠበቅም። በኋላ እንደገና ሊሸማቀቅና ሊደገም ይችላል፣ ያንንም እወቁ። ሁለት ጊዜ መሠራት ዓይን ከማጣት ይሻላል።

አገጩ ከደረቱ ጋር ከተጣበቀ 3 ዓመት ሆነው። አሁን አይዘገይም?

አይዘገይም። ከ3 ዓመት በላይ የቆዩ ልጆችም ይሠራላቸዋል።

አንገት ላይ ያለ ጠባሳ የፊት ጉዳይ ነው። የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ይጎትታል፣ ልጁ ምራቁን መያዝ አይችልም፣ ጥርሱ ወደ ፊት ይወጣል፣ መንጋጋው ሲያድግ ይጣመማል። አንዳንዱ ላይ የታችኛውን የዓይን ቆብ ድረስ ይስባል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊቱን ትቶ በአንገቱ ሲጀምር ግር አይበላችሁ። አንገቱ ሲለቀቅ ከንፈሩና ጉንጩ በራሳቸው የሚቃኑበት ጊዜ አለ።

ጠባሳው በአግድም ይቆረጣል፣ አንገቱ ይቃናል፣ ክፍት የሆነው ቦታ በቆዳ ይሞላል። ጠባሳው ቀጭን ገመድ የመሰለ ብቻ ከሆነ ግን ቆዳ ሳይተከል፣ በዚግዛግ ተቆርጦ ጎንና ጎን ያለው ቆዳ ቦታ በመቀያየር ብቻ ይረዝማል።

ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ቤት ነው የሚሠራው። የአንገት ኮላር ቢያንስ ለ6 ወር፣ ቀንም ሌሊትም፣ ለመታጠብና ለመብላት ብቻ እየወለቀ። ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጋችሁ ያለ ትራስ አስተኙት። ይሞቀዋል፣ ያሳክከዋል፣ ያለቅሳል። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ምን ያህል እንደሚሞቅ እኔም አውቃለሁ። ግን በአንድ ወር የተወ ልጅ አንገቱ ተመልሶ ሲሳብ አይቻለሁ። ኮላሩ ቢሰበር ወይም ቢጠብ አምጡት፣ ይስተካከላል።

አፉ ጠቦ ማንኪያ አይገባም

የአፍ ጥግ ጠባሳ ነው። ቶሎ ከተያዘ በየቀኑ አፍ በመክፈት ልምምድና በአፍ ውስጥ በሚደረግ መወጠሪያ ይረዳል። ከጠበበ በኋላ ጥጉ በቀዶ ይከፈታል። ጥርሱን መቦረሽ ካልቻለ፣ መክሳት ከጀመረ አትጠብቁ።

ስንት ጊዜ ነው የሚሠራለት? መቼ ያበቃል?

ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁ። ልጅ ያድጋል፣ ጠባሳ ግን አብሮ በደንብ አያድግም። በ4 ዓመቱ ልክ የነበረው በ9 ዓመቱ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ክትትሉ እስከ ጉርምስና ይዘልቃል።

ጠባሳ እስኪበስል፣ ማለትም መቅላቱ፣ ማሳከኩና መጠንከሩ እስኪበርድ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይወስዳል። ለመልክ የሚሠራው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው የሚሻለው። የጠፋ ጆሮ ከልጁ የጎድን አጥንት ጫፍ ካለው ለስላሳ አጥንት ሊሠራ ይችላል፣ ግን የጎድን አጥንቱ እስኪበቃ ከ6 ዓመት በላይ እስኪሆን ይጠበቃል። ሌላም መንገድ አለ፦ ጤናማ ቆዳ ሥር ትንሽ ፊኛ ይቀበራል፣ በየሳምንቱ የጨው ውሃ ይጨመርበታል፣ ቆዳው በ2 እና 3 ወር ውስጥ ይሰፋና ጠባሳው ተነስቶ እሱ ይተካዋል። ውጤቱ ያምራል። ግን በየቦታው አይገኝም፣ ፊኛውም ሊመረቅዝ ስለሚችል ሐኪም አጠገብ መቆየት ይፈልጋል።

ፊቱ እንደ ድሮው ይሆናል ወይ? አይሆንም። ይህን ፊት ለፊት መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። ዓይኑን የሚዘጋ፣ አፉን የሚከፍት፣ አንገቱን የሚያዞር፣ ሲስቅ የሚያስታውቅ ፊት ግን ይኖረዋል። ከመጣበት ሁኔታ እዚያ ድረስ ያለው መንገድ ትልቅ ነው።

ቤት ውስጥ ጠባሳውን ምን እናድርገው?

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ቫዝሊን ወይም ሌላ ሽታ የሌለው ቅባት ቀብታችሁ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ጣታችሁ ሥር ያለው ቆዳ ነጣ እስኪል ድረስ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ። የሲልኮን ጄል ወይም ንጣፍ ከተገኘ ጥሩ ነው። ለፊት የሚሠራ የመጫኛ ጭንብል ከታዘዘለት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል። ከባድ ነው። ግን ማታ ማታ ብቻ ማድረግ አይተካውም።

ፀሐይ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ከሐይቁ ላይም ይነጸባረቃል። አዲስ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁርና እንደጠቆረ ይቀራል። ሰፊ ባርኔጣ ይደረግለት። ጀልባ ላይ በተለይ።

ማሳከኩ ልጁን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ መድኃኒት አለው፣ ጠይቁ። ቆዳ ያቀላል ተብሎ ሱቅ የሚሸጥ ክሬም ግን በፍጹም አትቀቡ። ብዙዎቹ ጠንካራ ሆርሞን ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው፣ ቆዳውን ያሳሱታል። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ከወጣ ጠባሳው ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ፣ እሱ በሐኪም እጅ ነው።

ጸበል እንወስዳት?

እምነታችሁን ማንም አይነካባችሁም፣ እኔም ጸበል የምሄድ ሰው ነኝ። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ቁስሉ ክፍት ሆኖ፣ በተለይ አዲስ የተተከለ ቆዳ ላይ፣ ምንም ያልታዘዘ ውሃ አይንካው። ለካህኑ ንገሯቸው፣ የሚረዷችሁ ይመስለኛል፤ ቁስል በሌለበት በሰውነቷ ላይ ይረጩላት። ሁለተኛ፣ ቀጠሮ አይለፍ።

ልጁ እሳት ላይ የወደቀው የሚጥል በሽታ ስላለበት ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ አይቋረጥ። በየመንደሩ ብዙ ልጅ በዚህ ምክንያት ነው ምድጃ ላይ የሚወድቀው። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ተመልሶ ይወድቃል፣ የሠራነው ቆዳ ላይ። ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል ወይም ዙሪያው ይታጠር፣ ይህ ልጅም ብቻውን እሳት አጠገብ አይቀመጥ።

ምን ይብላ?

ቁስል ሥጋ ይበላል። የተቃጠለ ልጅ ከወትሮው ብዙ ይፈልጋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ። ጣና ዳር ሆነን ቆሮሶና አምባዛ እያለ ልጅ በደረቅ እንጀራ መዋሉ ያሳዝነኛል። ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ ሕፃን አይጾምም፣ በሽተኛም አይጾምም። ካሳሰባችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ "ይብላ" ነው የሚሏችሁ።

ገንዘቡስ?

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ፤ ዝላችሁ ከሄዳችሁ ሽፋኑ ሊቀርባችሁ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ችግሩ በግልጽ ይጻፍ፦ "ዓይኑ አይዘጋም"፣ "አንገቱ አይቃናም"። የተሳበ ቆብ መልቀቅ ማስዋብ አይደለምና እንደዚያ እንዳይቆጠር።

ስልክ ላይ ሙሉ ፊት ሲቀየር አየን። ለልጃችን አይሆንም?

እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ከፊል የፊት ንቅለ ተከላ በ2005 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርቷል። የተሠራለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት ይወስዳል። ለልጅ የሚመከር ነገር አይደለም። ለእሱ ብላችሁ ከብት አትሽጡ።

ትምህርት ቤት መቼ ይመለስ? መስታወትስ?

ቁስሉ እንደተዘጋ ይመለስ። ሁሉም ኦፕራሲዮን እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ልጅነቱ ያልቃል። ከመመለሱ በፊት አስተማሪውን አግኙ፣ ለክፍሉ ልጆች ምን እንደደረሰበት፣ እንደማይተላለፍ፣ ጭንብሉ ምን እንደሆነ ይንገርላችሁ። ለልጁም አንዲት አጭር መልስ አለማምዱት፦ "ተቃጥዬ ነው፣ እየታከምኩ ነው።" እሷን ከያዘ ጥያቄ አያስፈራውም።

መስታወት አትደብቁ። ልጆች በስልክ መስታወት፣ በውሃ፣ በብረት ድስት ሳይቀር ያያሉ፤ መደበቃችሁን ሲያዩ ነው የሚፈሩት። ከተዘጋጀ፣ ከጠየቀ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አሳዩት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ አታስገቡት። "እንትፍ" እያሉ አልቅሰው የሚገቡ ጎረቤቶችን በር ላይ አስቁማችሁ ንገሯቸው።

ለቀጠሮ ስንመጣ ምን እንያዝ?

የድሮውን ካርድና የኦፕራሲዮን ወረቀት፣ ቢቀደድም። የሪፈር ወረቀቱን። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነዕቃቸው። ኮላሩን ወይም ጭንብሉን፣ ባያደርገውም። በየወሩ አንድ ቦታ፣ በቀን ብርሃን፣ ከፊትና ከሁለት ጎን ፎቶ አንሱት፣ ዓይኑን ጨፍኖም አንድ። ሐኪሙ በ2 ደቂቃ የ6 ወሩን ለውጥ ያያል። ስልክ ቁጥራችሁ ከተቀየረ ደግሞ መዝገብ ቤት አስተካክሉ፣ አልጋ ሲገኝ ደውለን የምናጣችሁ ለዚህ ነው።